ሃምሳ ሰባት ማይክሮ ሰከንድ

ጥር 8፣ ሰኞ

ሁለተኛው የሬዲዮ ማማ ሊተከል ነው። ጸደቀ። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት መጥቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንደምን ዋልሽ እንኳን ሳልል ጀመርኩ… ለራሴው ነው የምጽፈው፣ ማን ይታዘበኛል።

ሌላው ነገር እንደ ማንኛውም ቀን ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮረብታው ላይ ደረስኩ፣ ማሰራጫውን አስነሳሁ፣ መርፌዎቹ ቦታቸውን እስኪይዙ ቆሜ ጠበቅሁ፣ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ፣ አቧራውን ጠረግሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። ስቱዲዮ ያሉት ያወራሉ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ወሬያቸውን ወደ አየር እለቀዋለሁ። እነሱን ሰው ሁሉ በድምፃቸው ያውቃቸዋል። እኔን የሚያውቀኝ ማሰራጫው ነው።

ከሁሉም የሚያስደስተኝ ግን የእማዬ ነገር ነው። እሷ ያለችበት ሰፈር ጎድጓዳ ውስጥ ነው፣ የኔ ማሰራጫ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደግሞ ጓደኛዋ ሬዲዮ ነው። አሥር ሰዓት ላይ የሚተረከውን ልብ ወለድ ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ከራሷ ትሞላለች። ወዲያው ደወልኩላት።

«እማዬ፣ በወዲያኛው ኮረብታ ላይ ሁለተኛ ማሰራጫ ሊቆምልሽ ነው። ሬዲዮው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚሆንልሽ።»

«ይሁን። ያቺ ልጅ ሐኪሙን አገባችው ወይስ አላገባችውም?»

«የትኛዋ ልጅ?»

«የልብ ወለዷ ነዋ። ትናንት መልስ ልትሰጠው ስትል ሹ… አለብኝ። እኔ እንቢ አሰኝቻታለሁ።»

አዲሱን ማን ይይዘው ይሆን? ከኔ ሌላ ማን ይይዘዋል።

ጥር 11፣ ሐሙስ

ማስታወቂያ ተለጠፈ። ለአዲሱ ማሰራጫ ኃላፊ ከውስጥ ሠራተኛ ይመረጣል ይላል። ያስቃል… ማሰራጫ ነክቶ የሚያውቅ ከኔ በቀር ማን አለና ነው የሚመረጠው? ለወጉ ያህል አመለከትኩ።

ጥር 19፣ ዓርብ

ትንሿን መረጧት።

እህቴን። በአሥራ ሦስት ዓመት የምበልጣትን፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋትን። ስቱዲዮ ቁጭ ብላ ስልክ ታነሳ የነበረችውን፣ ያውም በኮንትራት። ከሥራ በኋላ እየተማረች ዲፕሎማ ይዛለችና… ዲፕሎማ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በዚያው ቀረሁ። ግን ማሰራጫው ሲያመው ምኑን እንዳመመው በድምፁ የማውቀው እኔ ነኝ። ይሄ የት ላይ ይጻፋል? የትኛው ትምህርት ቤት ነው ለዚህ ወረቀት የሚሰጠው?

ሥራ አስኪያጁ አስጠርተው፣ «አንቺ እኮ የዋናው ማሰራጫ ምሰሶ ነሽ፣ ከዚያ ብናነሳሽ ይወድቃል» አሉኝ። ምሰሶ። ምሰሶ ምን ያደርጋል፣ ቆሞ ይቀራል።

ትንሿ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። እጇን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

«እታለም፣ ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው የምትተዪው? እንኳን ደስ አለሽ።»

ሳምኳት። ከልቤ ነው የሳምኳት? ከልቤ ነው። መሰለኝ… ጥርሴን ግን ነክሼ ነበር።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

አልቀናሁም። ደክሞኝ ነው።

ጥር 27፣ ቅዳሜ

ትንሿ አዲሱን ባጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቤት መጣች። «ቴክኒሺያን» ይላል። ፎቶዋም አምሯል። የኔ «ኦፕሬተር» ነው የሚለው፣ ፎቶው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ልጅሽ ናት ወይ እያለ ይቀልድብኛል። ክፍሏ ባለ መስታወት ነው፣ ተቀምጣ ሸለቆው በሙሉ ይታያታል አሉ። የተገዛላት ወንበር ይሽከረከራል አሉ። እኔ የምቀመጥበት የብረት በርጩማ ባለቤቴ ትራስ ባይሰፋለት ኖሮ ወገቤ ዛሬ የት ይገኝ ነበር?

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሲሰፋ ዓይኑ መርፌው ላይ ነው ብዬ እታለላለሁ እንጂ ሁሉን ያያል። እሷ እንደወጣች፣

«ሻይዋ ላይ ስንት ስኳር ጨመርሽላት?» አለኝ።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ።»

«ምንም አልጨመርሽም። ስትጠጣ ፊቷን አይቻለሁ። አንድ ቃል ሳትናገር ጨረሰችው።»

ረስቼ ነው። ረስቼ ነው?

የካቲት 2፣ ሐሙስ

ማማው ቆመ፣ ዛሬ ደግሞ ኢንጂነሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ወጣት ነው፣ ሁለት ስልክ ይዞ በሁለቱም ይቸኩላል። ሦስታችን እኔ ክፍል ተሰበሰብን። ትንሿ ቆማ ነበር፣ በርጩማው አንድ ስለሆነ። አልተነሳሁላትም።

ነገሩን ሲያስረዳን ገባኝ፣ እዚህ ልጻፈው። ሁለቱ ማሰራጫዎች የሚናገሩት በአንድ ሞገድ ላይ ነው፣ መንገደኛ ሰው ሬዲዮውን እየጠመዘዘ እንዳይቸገር። ሁለቱም ሰዓታቸውን ከሳተላይት ይቀበላሉ። ለየአንዳንዳቸው የምትቀበልላቸው አንዲት ሳጥን ናት፣ ጣሪያ ላይ እንጉዳይ የመሰለች ነገር አለቻት። እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ችግሩ ያለው የሁለቱ ድምፅ እኩል ጉልበት ይዞ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ እኩል ካልደረሱ ይበላላሉ። የሚገናኙት ደግሞ የት ሆነና? እማዬ ሰፈር።

«ሁለት ሰው ቁም ሣጥን ተሸክሞ በር ሲገባ ማለት ነው» አለ ኢንጂነሩ። «አንዱ ቀድሞ ከረገጠ ሣጥኑ ግድግዳ ይፍቃል። ስለዚህ ቅርብ ያለው ማሰራጫ ሩቁን ትንሽ መጠበቅ አለበት። ርቀቱን ንገሩኝና ስንት እንደሚጠብቅ አሁኑኑ አሰላለሁ።»

ትንሿ ቦታው ሲጠና የተሠራ ወረቀት ነበራት፣ አወጣች። «ከኔ እስከዚያ ሰፈር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው» አለች። «የእታለምን ደግሞ እዚህ ግድግዳው ካርታ ላይ ልየው…»

«ካርታ ምን ያደርጋል?» አልኩ። «ሃያ ሁለት ዓመት የተመላለስኩበት ነው። ሠላሳ አንድ። ያላመነ የመኪናውን ቆጣሪ ይይ።»

«ልምድ ማለት ይሄ ነው» አለ ኢንጂነሩ።

ትንሿ አፏን ልትከፍት ስትል አየኋትና ቀደምኳት። ስለ ድልድዩ አወራሁ፣ ክረምት ስለሚንደው ቁልቁለት አወራሁ፣ ምን ያላወራሁት አለ። እሱም ሰዓቱን አየና ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። የኔ ድምፅ ከሷ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር አብልጦ ይሄዳል፣ ስለዚህ የትንሿ ማሰራጫ ሃምሳ ሰባት ማይክሮ ሰከንድ ይጠብቃል። ማይክሮ ሰከንድ ማለት የአንዲት ሰከንድ ሚሊዮንኛ ናት። ቁጥሩን ከዚያው በስልኩ ሞላና በራሱ የይለፍ ቃል ቆለፈው።

ሚሊዮንኛ ትሁን። ሃምሳ ሰባት እኮ ነው። የትንሿ ማሰራጫ የኔን ቆሞ ይጠብቃል። ቴክኒሺያኗ ኦፕሬተሯን… እየደጋገምኩ ስለው ይጥመኛል።

የካቲት 3፣ ዓርብ

ሾፌራችንን ሁላችንም ጋሽ ፍሬን ነው የምንላቸው። ውሻ ሲያዩ ፍሬን፣ የውሻ ጥላ ሲያዩ ፍሬን። ጠዋት ሲያወጡኝ ነገርኳቸው።

«ጋሽ ፍሬን፣ ትንሿ ሃምሳ ሰባት ትጠብቀኛለች።»

«ደቂቃ?»

«ማይክሮ ሰከንድ።»

«እሱ ብዙ ነው ትንሽ?»

«ለሚያውቅ ሰው ብዙ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ምንም በሌለበት ፍሬን ያዙ።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ዛሬ ሙከራው ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱ ማሰራጫዎች አብረው ተነሱ። ከወዲያኛው ኮረብታ ማዶ ያሉት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ሰምተው የማያውቁት ሳይቀሩ፣ ደውለው አመሰገኑ። ትንሿን ነው ያመሰገኑት። ስሟን በአየር ላይ ጠሩላት። የኔን ስም በአየር ላይ ማን ጠርቶት ያውቃል?

ከዚያ እማዬ ደወለች።

«ልጄ፣ ምን አደረጋችሁብኝ?»

«ምነው እማዬ?»

«ድሮ ቢያንስ ያንሾካሹክልኝ ነበር። አሁን ሽንኩርት እየጠበሰ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። ቃሉ ሁሉ ተቆራርጧል። የጎረቤቶቼም እንዲያው ነው።»

ከእሷ በኋላ ከዚያው ሰፈር እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰው ደወለ። ሁሉም ዞረው ወደ አዲሱ ማሰራጫ አዩ። ወደ ትንሿ። የኔን ማን ያየዋል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ የኖረ ነው።

እውነቱን ልጻፍ? ልቤ ውስጥ አንዲት ነገር ዘለል አለች። ደስታ ነው የምትመስለው። እናቴ ሬዲዮዋን አጥታ… እኔ ሆዬ።

የካቲት 13፣ ሰኞ

ስብሰባ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ተናገሩ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ካልተስተካከለ አዲሱ ማሰራጫ ይዘጋል። ትንሿም ወደ ስልኳ ትመለሳለች፣ የስልኩ ኮንትራት ደግሞ ሰኔ ላይ ያልቃል። ከዚያስ? ከዚያማ ወደ ቤቷ።

ልጅቷ ያላደረገችው የለም። ገመዱን ሁሉ ፈትታ ገጥማለች። ጣሪያ ላይ ወጥታ እንጉዳይዋን ሳይቀር ወልውላለች። ኢንጂነሩም በስልክ ዕቃው ነው፣ ዕቃው ነው ይላታል። ከስብሰባው ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«እታለም፣ ያ ርቀት… እርግጠኛ ነሽ?»

«የቱ ርቀት?»

«ሠላሳ አንዱ።»

«አሁን ያንቺ ማሰራጫ ሲታመም የኔ መንገድ ጥፋተኛ ሊሆን ነው?»

«እንደዚያ ለማለት ሳይሆን…»

«መንገዱን ስጀምረው አንቺ ደብተርሽን የምሸፍንልሽ ልጅ ነበርሽ።»

ትንሿ ሲከፋት አታለቅስም፣ ጆሮዋ ነው የሚቀላው። ቀላ።

የካቲት 18፣ ቅዳሜ

ጋሽ ፍሬን እማዬ ጋ ወሰዱኝ። መንገዱ ያው ነው። ወንዙን ለመሻገር መጀመሪያ ሽቅብ እስከ ድልድዩ፣ ከዚያ ገደሉን ዙሮ ቁልቁል። ዓይኔን ቆጣሪው ላይ ተክዬ ሄድኩ። ሠላሳ አንድ። ነጥብ ሁለት እንኳን አለችው። ደስ አለኝ፣ ለትንሿ እነግራታለሁ ብዬ።

እማዬ ሬዲዮዋን ፎጣ አልብሳታለች። እንደታመመ ሰው። አሥር ሰዓት ሲሞላ እጇ ወደዚያ ሄደ፣ ከዚያ ተመለሰ። አመሻሽ ላይ ወደኔ ዞራ፣

«ስንት ጊዜሽ ከመጣሽ?»

«ሥራ ነው እማዬ። ሩቅም ነው።»

«ሩቅ ነው ትለኛለች። ነይ ላሳይሽ።»

ከቤቱ ጀርባ ወደ ውኃ ታንከሩ የሚያወጣ ደረጃ አለ። እጄን ይዛ እየዳበሰች አወጣችኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

«እዚያ ላይ ቀይ መብራት አለች አይደል? ጎረቤቴ ናት ያሳየችኝ፣ እኔን ጭል ጭል ነው የምትልብኝ። ያቺ ያንቺ ማማ ናት። በዚህ በኩል ደግሞ የትንሿ። ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካችሁ ነው የሚመስለኝ። ወፍ ብትሆኚ ሻይ ሳይፈላ ትደርሺ ነበር። ያራቀሽ መንገዱ ነው።»

ቆምኩ።

የሬዲዮ ድምፅ በመንገድ አይሄድም። ድልድይ አይፈልግም። ገደል አይዞርም። ከማማው ተነስቶ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ይኸው በዓይኔ በማየው በዚህ።

ሠላሳ አንድ የመኪናው ነው። የጋሽ ፍሬን ነው። የኔ ማሰራጫ አንድም ቀን ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ አያውቅም።

«ምን ሆንሽ?» አለች እማዬ። «እጅሽ ቀዘቀዘ።»

«በረደኝ።»

የካቲት 19፣ እሁድ

ተሳስቼ ይሆናል። ኢንጂነሩ አውቆ ቀንሶት ይሆናል። ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል… ልብስ አጠብኩ። ታጥቦ የተቀመጠውንም አወጣሁና አጠብኩ።

የካቲት 20፣ ሰኞ

የባለቤቴን ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ካርታው ክፍሌ ግድግዳ ላይ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከጀርባዬ ተሰቅሎ ኖሯል። በሩን ዘጋሁ። ከማማዬ እስከ እማዬ ሰፈር ሜትሩን ወጠርኩትና በካርታው መስፈርት መነዘርኩት። አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር። የትንሿንም ለካሁ፣ አሥራ አራት፣ እንዳለችው።

ልዩነታችን ሁለት ነው። አሥራ ሰባት ሳይሆን ሁለት።

ኢንጂነሩ ሲያሰላ አይቼዋለሁና እኔም አሰላሁ፣ ሦስት ጊዜ። ሰባት ይመጣል። ሃምሳ ሰባት ሳይሆን ሰባት ብቻ። ሃምሳውን ትንሿ በከንቱ ነው ቆማ የጠበቀችኝ። እማዬ ጆሮ ላይ ሽንኩርት የሚጠበሰው በነዚህ ሃምሳ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ሰኞ ነው። ዓርብ ይዘጋል። ተዘግቶ ቆይቶ ሌላ ጊዜ ለኔ ቢሰጠኝስ? ያኔ «አገኘሁት» ብዬ ሰባቱን ባስገባ፣ ስሜ በአየር ላይ ቢጠራ… ይሄን የጻፈው እጄ ነው? የኔው እጅ ነው።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ራት ላይ ባለቤቴ፣ «ሜትሬን አይተሻል?» አለኝ።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ምን ለካሽበት?»

«ምንም።»

«ምንም ስንት ሆነ?»

ተነስቼ ሜትሩን ከቦርሳዬ አወጣሁና የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩለት።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ትንሿ በሬ ላይ ቆማለች፣ ካርቶን ታቅፋ። ውስጡ የሻይ ብርጭቆዋ፣ ነጠላ ጫማዋ፣ ሹራቧ። ከላይ ባጇ።

«ዓርብ ሰው ፊት ካርቶን ተሸክሜ ከምወጣ ዛሬ ልጨርስ ብዬ ነው። አንቺ ጋ ላስቀምጠው?»

አስቀመጠችው። ሻይ አፈላሁላት። ስኳር ጨመርኩ፣ ደግሞ ጨመርኩ፣ በዛ መሰለኝ። ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እታለም፣ አንቺ ይዘሽው ቢሆን ኖሮ ይሠራ ነበር። እኔ ያለኝ ወረቀት ነው።»

አንድ ወር ሙሉ የጠበቅሁት ይህንን ቃል ነበር። መጣ። ምንም ጣዕም የለውም።

«ሠላሳ አንድ አይደለም» አልኩ።

«ምኑ?»

«ርቀቱ። አሥራ ስድስት ነው። ሠላሳ አንዱ የመኪና መንገድ ነው፣ ልጁ የፈለገው ደግሞ ቀጥታውን ነበር። ያንቺ የሚጠብቀው ሰባት ብቻ ነው። ካወቅሁ አራት ቀኔ ነው።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«አራት ቀን?»

«አራት ቀን።»

«ገመድ እየፈታሁ ስገጥም እያየሽኝ?»

«እያየሁሽ።»

ጆሮዋ ቀላ። ባለቤቴ የስፌት መኪናውን አቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ምነው አብሬው በወጣሁ አልኩ።

«ለምን?» አለች።

«ቀናሁ።»

ይህን ቃል በሕይወቴ ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አንዴ ከወጣ ደግሞ አልቆም አለ። «ባጅሽ ላይ ቀናሁ። ስምሽን በሬዲዮ ሲጠሩት ቀናሁ። መስታወቱ ላይ ቀናሁ። ወንበርሽ ላይ ሳይቀር ቀናሁ፣ ይሽከረከራል ሲሉኝ።»

«ወንበሩ እኮ ተሰብሯል» አለች። «በሁለተኛው ቀን ነው የተሰበረው። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ። ባልዲ ገልብጬ ነው የምቀመጠው።»

«ባልዲ?»

«የጽዳት ባልዲ። ሰማያዊ።»

ማናችን ቀድመን እንደሳቅን አላውቅም። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ካርቶኑን መልሳ አቀፈችና ሄደች። ስትወጣ ግን አልሳመችኝም። ልክ ናት።

የካቲት 23፣ ሐሙስ

ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባሁ። ሠላሳ አንዱንም ነገርኳቸው፣ አራቱንም ቀን ነገርኳቸው። አራቱን ቀን ባልነግራቸውም ይቻል ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩኝ።

«እኔ እኮ ምሰሶ ብዬሽ ነበር።»

«እኔም ለዚያ ነው የመጣሁት፣ ሳይወድቅባችሁ።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ፈረምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ንጹሕ የነበረ ፋይሌ… እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ የእጄ ነው።

ኢንጂነሩ በስልክ ሲነገረው፣ «ቀጥታ ነው ወይ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ። እሱም እውነቱን ነው፣ ግን እኔን አላቀለለኝም። የይለፍ ቃሉን ለትንሿ ሰጣት። ስሌቱ ካርታው ላይ ነው፣ የመጨረሻውን ግን እዚያው ቦታው ላይ ያለ ጆሮ ይፈርደዋል ብሏል። ጆሮ እኔ አለኝ። ነገ እማዬ ቤት ሆኜ እሰማለሁ፣ ትንሿ ኮረብታዋ ላይ ሆና ቁጥሩን ትቀንሳለች።

የካቲት 24፣ ዓርብ

ሬዲዮዋን ከፎጣው አወጣናት። እማዬ አንዱን ጆሮዋን አስጠግታ ተቀመጠች፣ እኔ ስልኩን ይዤ መሃል ወለል ላይ ቆምኩ። ስቱዲዮ የጠፋ ሻንጣ ማስታወቂያ እያነበቡ ነበር፣ እንደነበሩ ነው የገመትኩት፣ ከጥብሱ በቀር የሚሰማ የለም።

«ሃምሳ ሰባት ላይ ነኝ» አለች ትንሿ።

«እየጠበሰ ነው።»

«ሃምሳ።»

«ያው ነው።»

«ሠላሳ።»

«ሽንኩርቱ ቀላ» አለች እማዬ።

«ምን አለች?»

«ቀንሺ ነው የምትልሽ።»

«ሃያ።»

«እሳቱን ቀነሱት» አለች እማዬ።

«አሥር… ዘጠኝ… ስምንት… ሰባት።»

ጥብሱ የለም። «…ቀለሟ ቡኒ የሆነ፣ እጀታዋ በሽቦ የታሰረ» የሚል ድምፅ፣ ጥርት ብሎ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ይመስል።

«እታለም? ልቀጥል?»

«ስድስትን ሞክሪ።» ሬዲዮው ትንሽ ቸስ አለ። «አይ፣ ተመለሺ። ሰባት። እዚያው ሁኚ።»

እዚያው ሆነች። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም። የኔ ማሰራጫ ከአንዱ ኮረብታ፣ የሷ ከሌላው፣ በእናቴ መስኮት እኩል ሲገቡ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። ጆሮዬ አይታማም። አልቻልኩም።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«በስልክሽ በኩል እየሰማሁ ነው» አለች።

አሥር ሰዓት ላይ ልብ ወለዱ ተጀመረ። እማዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጣት፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ሲያልቅ ደስታዋን ልሰማ ጠጋ አልኩ።

«እህ፣ እማዬ?»

«እስከ ዛሬ ሲያነቡት የኖሩት ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው።»

«የኔ ይሻል ነበር። እኔ ያቺን ልጅ ሱቅ አስከፍቻት፣ ሐኪሙን ደግሞ ዕቃ አሸካሚ አድርጌላት ነበር። እነዚህ አጋብተዋት ቁጭ።»

ይህን ለትንሿ በስልክ ነገርኳት። ከዚያ ማዶ ባልዲው ሲገለበጥ ሰማሁ።

መጋቢት 3፣ እሁድ

ዘጠኝ ቀን ሆነው፣ አንድም ሰው አልደወለም። አልደወለም ማለት ሰማ ማለት ነው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ማሰራጫውን ከማስነሳቴ በፊት ትንሿ ትደውላለች። «ደረስኩ» ትላለች፣ «ደረስኩ» እላለሁ፣ አብረን እናስነሳለን። ሳተላይቱ ይሄን አልጠየቀንም። ካርታውን ከጀርባዬ አውርጄ ፊት ለፊቴ ሰቀልኩት። መዝገቡ ላይ ያኔ የጻፍኩትን «ሠላሳ አንድ» ሰረዝኩና ከጎኑ «በመኪና» ብዬ ጻፍኩ። አላጠፋሁትም፣ ይታይ።

ረቡዕ ዕለት ትንሿ ቤት መጣች፣ ገና ከበሩ ሳመችኝ። ሦስት ጊዜ። ባለቤቴ ለባልዲዋ ትራስ ሰፍቶላት ቆይቷል። አበባ ጠልፎበታል፣ ቀይ አበባ፣ ቅጠሉ ሳይቀር። የኔ ትራስ ላይ አበባ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬበት አበባ የለውም።

«ቀናሁ» አልኩ።

ሁለቱም አዩኝ።

«አበባው ላይ። ቀናሁ ነው የምላችሁ።»

«ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጊያለሽ?» አለ ባለቤቴ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እያደረገ። እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? ሰማያዊ አልኩት።

እማዬ ደግሞ ዛሬ ደውላ አዝዛለች። የዛሬ ሳምንት አሥር ሰዓት ላይ የልብ ወለዱ የመጨረሻ ክፍል ነው፣ ቤቷ ተሰብስበን እንሰማዋለን፣ ካለቀ በኋላ ሬዲዮው ይዘጋና እሷ የራሷን መጨረሻ ትነግረናለች፣ የማን እንደሚሻል እኛ እንፈርዳለን። አሥራ ዘጠኙ ደዋዮች ጎረቤቶቿ ናቸውና ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ይመጣሉ። ኢንጂነሩ ይመጣል፣ አንዱን ስልክ ብቻ ይዞ። ጋሽ ፍሬን የቀረነውን በሠላሳ አንዱ መንገድ ያመጡናል፣ ስለዚህ ማንም እንዳያረፍድ፣ ፍሬኑም ይታሰብ። ትንሿ ከኔ ጋር ናት፣ አንድ ወንበር ላይ። መቅረት የለም። የፊታችን እሁድ፣ መጋቢት አሥር፣ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ፣ እማዬ ግቢ።